«ሁለት ዓመት ባትሪ አትቀይሩም» እየተባሉ በሰሜን ሸዋ ስለሚሸጡ ገመድ አልባ ሴንሰሮች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች፣ ወደ ቆላው ወርዶም እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ፣ ለአርሶ አደሮች፣ ለዶሮ አርቢ ማኅበራትና ለትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባት ገመድ አልባ የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር እየተሸጠ ነው። ሻጮቹ «አንዴ ከተከላችሁት በኋላ ሁለት ዓመት ባትሪ አትነኩም» ብለው ያስማማሉ፤ ገዢውም ቃሉን አምኖ ለብዙ ሣጥኖች በአንድ ጊዜ ይከፍላል። የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሙያዬ በመሆኑ እነዚህ ሣጥኖች ባትሪያቸው ተሟጦ ወደ እኔ ይመጣሉ። ከፍቼ ያየሁት ነገር ለሁለት ዓመት ቀርቶ ለሁለት ቀን የሚያስተማምን አይደለምና፣ ገንዘብ ለመክፈል የተዘጋጃችሁ ሁሉ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ እንድትወስኑ እለምናችኋለሁ።

በሣጥኑ ውስጥ የሚገኘው አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው በፕሮግራም የሚታዘዝ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ቅጂ፣ መረጃውን ያለ ገመድ የሚያስተላልፍ አንድ አነስተኛ የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሬዲዮ፣ ዲኤችቲ11 የሚባለው ሰማያዊ ሴንሰር፣ በሊድ ሳይበየዱ በጃምፐር የተያያዙ ሽቦዎችና 18650 በሚባለው መጠን የተሠሩ ሁለት የሊቲየም ባትሪዎች ናቸው። ሰሌዳው ቅጂ መሆኑን እንደ ወንጀል አልቆጥረውም፤ የአርዱዊኖ ንድፍ ማንም እንዲሠራው ክፍት ተደርጎ የተለቀቀ ነው፣ ቅጂዎቹም ብዙ ጊዜ በደንብ ይሠራሉ። ችግሩ ሰሌዳው ለዚህ ሥራ አለመፈጠሩ ነው። አርዱዊኖ እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያኗ ኢቭሪያ ከተማ ሲጀመር የታሰበው ኤሌክትሮኒክስ የማያውቁ ተማሪዎች በቀላሉ እንዲማሩበት ነበር፤ ኡኖም ይህንኑ ዓላማ ይዞ የመጣ፣ ከኮምፒውተር ጋር በዩኤስቢ ገመድ ተያይዞ እንዲሠራ የተሰናዳ ሰሌዳ ነው። ከኮምፒውተር ኃይል የሚያገኝ ሰሌዳ ስለ ቁጠባ እንዲያስብ የሚያስገድደው ነገር የለም።

ኡኖ ሲሠራ በአማካይ ከ45 እስከ 50 ሚሊ አምፔር ይወስዳል፤ ሚሊ አምፔር ዕቃው የሚስበው የኤሌክትሪክ መጠን መለኪያ ነው፣ ማይክሮ አምፔር ደግሞ የእርሱ አንድ ሺኛ ነው። በላዩ ያለው ዋና ቺፕ፣ ማለትም ኤቲሜጋ328ፒ፣ በፕሮግራም እንዲተኛ ሲታዘዝ ለብቻው የሚፈልገው ጥቂት ማይክሮ አምፔር ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ አብረውት ያሉት የዩኤስቢ ቺፕ፣ የቮልት መቆጣጠሪያውና መብራቷ አይተኙም። በመሆኑም ፕሮግራሙ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢጻፍ ሰሌዳው በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊ አምፔር መሳቡን አያቆምም፤ ሌሊቱን ጭነቷ ሳይራገፍላት እንዳደረች በቅሎ፣ የሥራው ሰዓት ሳይደርስ ጉልበቱ ያልቃል። በእነዚህ ሣጥኖች ውስጥ ደግሞ ለማስተኛት እንኳ የተሞከረ ነገር አላየሁም። ሬዲዮው ቀንና ሌሊት ጆሮውን ከፍቶ ስለሚያዳምጥ ከ13 ሚሊ አምፔር ያላነሰ በራሱ ይጨምራል።

ስሌቱን ማንም በስልኩ ሊሠራው ይችላል። ሁለት ዓመት 17,520 ሰዓት ነው። 60 ሚሊ አምፔር የሚወስድ ዕቃ ይህን ያህል ሰዓት እንዲሠራ ከ1,000 አምፔር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) በላይ ያስፈልገዋል፤ ይህም በአምፔር ሰዓት ሲቆጠር ባለ 100 የሆኑ ትልልቅ የመኪና ባትሪዎችን ከአሥር በላይ ደርድሮ ማስቀመጥ ማለት ነው። ሻጩ ግን ይህን ሁሉ በጣት በሚያዙ ሁለት ባትሪዎች እሠራዋለሁ እያለ ነው። ባትሪዎቹ እውነተኛ ሆነው 3,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ቢይዙ እንኳ በ50 ሰዓት ውስጥ ይሟጠጣሉ።

እውነተኛ ግን አይደሉም። በላያቸው 9,900 የሚል ቁጥር ታትሞባቸዋል። በዓለም ገበያ የሚገኙት ምርጥ የ18650 ባትሪዎች እንኳ ከ3,600 ሚሊ አምፔር ሰዓት ብዙም አይዘሉም፤ ስለዚህ በዚህ መጠን ባትሪ ላይ 6,800 ወይም 9,900 የሚል ጽሑፍ ስታዩ ሌላ ማስረጃ ሳትፈልጉ ሐሰት መሆኑን እወቁ። ደህናው ባትሪ 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ የወርቅ ወይም የቅመም ሚዛን ያለው ጎረቤት ካላችሁ መዝኑት፣ ከዚያ በእጅጉ ቀለል ካለ ውስጡ ጎዶሎ ነው። ከሣጥኖቹ አውጥቼ አቅማቸውን በመለኪያ የፈተሽኳቸው ባትሪዎች 1,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት እንኳ አልሞሉም፤ ይህ ማለት ሣጥኑ አንድ ቀንና ሌሊት አይዘልቅም። በዚህ ላይ ሻጩ «ሁለቱ ሲደመሩ 19,800 ይሆናል» ሲል ሰምቻለሁ። ሁለት ባትሪ ተከታትሎ ሲያያዝ የሚደመረው ቮልቱ እንጂ የሚይዘው መጠን አይደለም፤ ተጨማሪው ቮልትም በመቆጣጠሪያው ላይ ሙቀት ሆኖ ይባክናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ተታለው የተበሳጩ ሰዎች «እንዲህ ያለ ነገር ከነጭራሹ አይቻልም» ማለት ጀምረዋል። በባትሪ ለሁለት ዓመት የሚሠራ ገመድ አልባ ሴንሰር መሥራት ይቻላል፣ ውድም አይደለም። ያው ኤቲሜጋ328ፒ ቺፕ ፕሮ ሚኒ በሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ላይም ይገኛል፤ የዩኤስቢ ቺፕ ስለሌለበት፣ ባለ 3.3 ቮልቱ ተመርጦ መብራቷና መቆጣጠሪያው ከተነሡለት፣ ተኝቶ የሚወስደው አምስት ማይክሮ አምፔር አካባቢ ነው። ኃይሉን ዳብል ኤ ከሚባሉት ሦስት አልካላይን የባትሪ ድንጋዮች አግኝቶ፣ ለራሱ ሁለት ማይክሮ አምፔር እንኳ በማይፈጅ ኤምሲፒ1700 መቆጣጠሪያ በኩል ቢያልፍ፣ በየሩብ ሰዓቱ ለሁለት ሰከንድ ነቅቶ 25 ሚሊ አምፔር እየወሰደ ለክቶና ልኮ ቢተኛ፣ የቀኑ አማካይ 0.07 ሚሊ አምፔር ገደማ ይሆናል። 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት በዚህ ሲካፈል ከ28,000 ሰዓት በላይ፣ ማለትም ሦስት ዓመት ይሰጣል፤ ድንጋዩ በራሱ ጊዜ የሚያጣውን ብንቀንስለትም ሁለት ዓመቱ አይጎድልም። ሻጮቹ የሚናገሩት ተስፋ ከዚህ ዓይነቱ ሥራ የተወሰደ ነው፤ የሚያስረክቡት ግን ሌላ ዕቃ ነው፣ ሕዝቡን ያሳሳተውም ይኸው ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን «ባለ ሶላር» እየተባለ በከፍተኛ ዋጋ የሚሸጠው ዓይነት ነው። በእርሱ ውስጥ ያለው አንድ ባትሪና ቲፒ4056 በሚባለው ቺፕ የሚሠራ ትንሽ ቻርጀር ነው። ይህ ቻርጀር በሁለት መልክ ይመጣል፤ አንደኛው የባትሪው ኃይል ከመጠን በላይ እንዳይወርድና ሁለት ጫፎቹ በስህተት ቢገናኙ እንዳይጎዳ የሚጠብቅ ተጨማሪ ቺፕ አለው፣ ሁለተኛው የለውም። በሣጥኖቹ ያገኘሁት የሌለውን ነው። ቺፑ የባትሪውን ሙቀት የሚያውቅበት እግርም በእነዚህ ሰሌዳዎች ላይ «መሬት» ከሚባለው ከኔጌቲቩ መስመር ጋር ተያይዞ ሥራ እንዲፈታ ተደርጓል።

ይህ በሌላ አገር ትንሽ ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች ግን ከባድ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልባቸው ሌሊቶች በደብረ ብርሃን፣ በአንጎለላና ጠራ፣ በመንዝም አየሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጠዋት ፀሐይ ሶላሩን ገና ስትነካው ቻርጀሩ ሥራ ይጀምራል፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ባትሪ ግን ገና በረዶ እንደሆነ ነው። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች ሆኖ ሲሞላ ሊቲየሙ በውስጡ በብረትነት ይጋገራል፤ ባትሪው በዚያው አቅሙን ያጣል፣ ሲደጋገምም በውስጥ ተገናኝቶ የመቃጠል አደጋ ያመጣል። በሸዋ ሮቢት በኩል ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ የተንጠለጠለ ጥቁር ፕላስቲክ ሣጥን ውስጡ ከ45 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ በዚያ ሙቀት ባትሪ መሙላትም አይገባም። ጭድ በተከመረበት ጎተራ፣ የሣር ክዳን ባለው ቤት ወይም ገለባ በተነጠፈበት የጫጩት ቤት ውስጥ ይህን ዕቃ የሰቀላችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬውኑ አውርዳችሁ ባትሪውን አውጡት።

ለውርጭ ማስጠንቀቂያ ብላችሁ የገዛችሁም ሌላ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ዲኤችቲ11 የሚለካው ከ0 እስከ 50 ዲግሪ ያለውን ሙቀት ብቻ ነው፤ በሚለካው ውስጥም እስከ ሁለት ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል። ባቄላው አበባ ላይ ሳለ ውርጭ የሚመታበትን ሌሊት ይህ ሴንሰር ሊነግራችሁ አይችልም፤ ማሳው ከዜሮ በታች ሆኖ ሳለ እርሱ ሁለት ዲግሪ ሊያሳይ ይችላልና። ለዚህ ሥራ የሚበጀው ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ነው፤ ከ55 ዲግሪ ከዜሮ በታች ጀምሮ ይለካል፣ ከ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ጀምሮ ወደ ላይ ባለው የማሳ ሙቀትም ስህተቱ ከግማሽ ዲግሪ አይበልጥም። እርሱም ቅጂው በገበያ ስለሞላ የተፈጨ በረዶ ከውኃ ጋር በተቀላቀለበት ብርጭቆ ውስጥ ነክራችሁ ዜሮ አካባቢ ማንበቡን አረጋግጡ። ለሽንኩርት መስኖ ተብሎ የሚሰጠው ባለ ሁለት ጥርስ የአፈር እርጥበት መለኪያም ኤሌክትሪክ በእርጥብ አፈር ውስጥ በጥርሶቹ መካከል ስለሚያልፍ ቶሎ ይበላል፤ ጥርስ አልባው፣ ካፓሲቲቭ የሚባለው ዓይነት ይሻላል።

ስለ ሬዲዮው ርቀት አጭር ነገር ልበል። «አንድ ኪሎ ሜትር ይደርሳል» የሚባለው ያ ትንሽ ሬዲዮ፣ አንቴናው በሰሌዳው ላይ የታተመ ሆኖ፣ በእኛ ወፍራም የድንጋይ ግንብና በገደል በተከፋፈለ ማሳ መካከል በአሥሮች ሜትር ነው የሚቆጠረው። ማሳው ከቤት ራቅ ካለ ሎራ የሚባለውን፣ በትንሽ ኃይል ረጅም ርቀት የሚደርሰውን የሬዲዮ ዓይነት ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ ልምጣ። የባትሪ ዕድሜ በቃል የሚታመን ነገር አይደለም፣ መልቲሜትር በሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ የሚለካ ነው። 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ዕቃው በአማካይ ከ0.11 ሚሊ አምፔር በላይ መውሰድ የለበትም፤ ይህችን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ የባትሪውን አንድ ሽቦ ነቅሎ መልቲሜትሩን በመካከል እንዲያስገባ፣ ዕቃውም ለክቶ ከላከ በኋላ ሲተኛ ስንት እንደሚያነብ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ በትልቁ መለኪያ ተጀምሮ፣ ሲተኛ ወደ ትንሹ ይወረዳል፤ በትንሹ መለኪያ ላይ እንዳለ ዕቃው ሲነቃ ኃይል አጥሮት ቢጠፋ የመለኪያው ጠባይ ስለሆነ አትደንግጡ። ተኝቶ ሳለ ከዚያች ከ0.11 ሚሊ አምፔር በላይ ካነበበ ግን የሁለት ዓመቱ ነገር አብቅቷል፣ አትክፈሉ። የዋይፋይ ሰሌዳ ነው ቢሏችሁም መለኪያው አይለወጥም፤ ኢኤስፒ8266 ቺፕ ተኝቶ 20 ማይክሮ አምፔር ገደማ ቢወስድም፣ ነቅቶ ሲልክ ለቅጽበት ከ170 ሚሊ አምፔር በላይ ይስባል፣ የተገጠመበት ሰሌዳም እንደ ኡኖ የማይተኙ ነገሮች ይኖሩበታል። መልቲሜትር የሌላችሁ ወደ ማንኛውም የሬዲዮና የስልክ ጠጋኝ ዘንድ ዕቃውን ወስዳችሁ ብታስለኩ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ይህን ልኬት ለማሳየት እንቢ ከሚል ሻጭ ጋር ድርድር አያስፈልግም።

ከተስማማችሁም የባትሪው ዕድሜ፣ የሴንሰሩ ዓይነትና የሬዲዮው ርቀት በደረሰኙ ላይ ወይም በተያያዘ ወረቀት ላይ በጽሑፍ ይስፈርላችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ያለ ደረሰኝ የገዙት ማኅበራት ወደ ወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው የሚያሳዩት ነገር አጥተው ሲመለሱ አይቻለሁ፤ ከልቤ አሳዝኖኛል፣ ያ ገንዘብ የወጣቶች ቁጠባ ነበርና።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ሁሉንም አትጣሉት። ኡኖው ለትምህርት ቤት ክበብ በኮምፒውተር ገመድ ጥሩ ማስተማሪያ ነው፤ ዲኤችቲ11ም ሙቀቱ ከዜሮ በላይ በሚሆንበት የጫጩት ቤት ውስጥ በግምት ደረጃ ይጠቅማል። ሬዲዮውን አውጥታችሁ ከባለ 3.3 ቮልቱ ፕሮ ሚኒ ጋር አገናኙት፤ ከ3.6 ቮልት በላይ ኃይል እንዳይሰጠው ተጠንቀቁ፣ በኃይል መግቢያው ላይ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከተበየደለትም መልእክት መጣሉን በጣም ይቀንሳል። ያበጡትንና ከ2.5 ቮልት በታች የወረዱትን የሊቲየም ባትሪዎች መልሳችሁ ለመሙላት አትሞክሩ፤ ሁለቱንም ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍናችሁ፣ ከጭድና ከልጆች አርቃችሁ በብረት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጧቸው።