ዘጌን ሥርዓቷ ጠበቃት፤ ኮረብታውንስ ማን ይጠብቅ?

ጎጃም ውስጥ ደን ለማዳን የተሞከሩ ሁለት መንገዶችን ላወዳድር።

አንዱ የዘጌ ነው። በጣና ዳር ያለችው ዘጌ በገዳማት ሥርዓት ኖራለች። በበሬ ማረስም ከብት ማርባትም ክልክል ነው። ታዲያ ሰው በምን ይኖራል? በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅል ቡና፣ በጌሾ፣ በሎሚ። ለእኔ ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። ደኑን የጠበቀው ግዝቱ ብቻውን አይደለም፤ ጥላውን የቆረጠ ሰው የራሱን ቡና ይጎዳል።

ሁለተኛው የደርግ ዘመቻ ነው። የ1967ቱ አዋጅ መሬትን የሕዝብ አደረገ። ከወሎ ረሃብ በኋላ ገበሬው በማኅበር እየተጠራ እርከን ሠራ፣ ችግኝ ተከለ። በብዙ ቦታ ክፍያው ስንዴና ዘይት ነበር። ዘመቻው የዘጌ ሥርዓት የማይደርስበትን ብዙ ኮረብታ አዳረሰ፤ ይሄ ሊካድ አይገባም። ግን ዛፉ የማን ነበር? በ1983 መንግሥት ሲወድቅ በየቦታው የማኅበር ደን ተጨፈጨፈ። ገበሬው ክፉ ሆኖ አይደለም። የእኔ የሚለው ዛፍ ስላልነበረ ነው።

ደምበጫ አጠገብ፣ አንጀኒ ላይ ግን የዚያ ዘመን እርከን ቆይቷል። አፈሩን ሲይዝለት ገበሬው በዓይኑ አይቷል።

ምርጫዬ ዘጌ ናት። ከዚያ የተቆረጠ ማገዶ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ሲጫን ሳይ ግን ልቤ ይደነግጣል።