«ኦኬ» ከየት መጣ? ኢቲሞንላይን ሲፈተን

የእንግሊዝኛ ቃላትን አመጣጥ ለማየት አዘውትሬ የምከፍተው ድረ ገጽ ኢቲሞንላይን ነው። ዳግላስ ሃርፐር የሚባል ሰው ያዘጋጀው ነጻ መዝገበ ቃላት ነው። እንዲህ ያለውን አገልግሎት መፈተን የሚፈልግ ሰው ካለ መጀመሪያ «ኦኬ»ን ይፈልግ። ስለዚህ ቃል ያልተወራ ነገር ስለሌለ፣ መዝገቡ ወሬን ከማስረጃ ይለይ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ገጹ የሚጀምረው በዓመት ነው፤ 1839፣ በፈረንጆቹ። በዚያ ሰሞን ቦስተንና ኒውዮርክ ውስጥ የተለመደ አባባልን ለቀልድ ሆን ብሎ አበላሽቶ መጻፍ፣ ከዚያም የቃላቱን መነሻ ፊደል ብቻ ማስቀረት ፋሽን ነበር። «ኦል ኮሬክት» ማለት «ሁሉም ትክክል» ነው። በ«ኤ» ፋንታ «ኦ»፣ በ«ሲ» ፋንታ «ኬ» አስገብተው ሲያሳጥሩት «ኦ.ኬ.» ሆነ። «ኖ ጎ» («አይሆንም») የሚለውንም፣ «ኖ»ን በኬ ፊደል እንደሚጀምረው «know» አድርገው ጽፈው፣ በዚሁ መንገድ «ኬ.ጂ.» ብለውት ነበር። የዚያ ፋሽን ልጆች ሁሉ ተረስተው ኦኬ ብቻ ተረፈ።

እንዴት ተረፈ ለሚለውም መልስ አለው። በ1840 ምርጫ ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ድጋሚ ሲወዳደር፣ የትውልድ ቦታው ኪንደርሁክ ስለሆነ «ኦልድ ኪንደርሁክ» ይሉት ነበርና የኒውዮርክ ደጋፊዎቹ «ኦ.ኬ. ክለብ» ብለው ተደራጁ፤ ሰውየው ተሸነፈ፣ ቃሉ ግን ሰነድ ላይ «ጸድቋል» ለማለት አጭርና ምቹ ስለነበር በዚያው ቀረ።

እኔ በጣም የምወደው ቀጥሎ ያለውን ነው። ቃሉ የመጣው ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆኑት ከቾክታዎች ቋንቋ ነው የሚል ታሪክ ብዙ ቦታ ታገኛላችሁ። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ራሱ ይህን አምኖ «ኦኬህ» ብሎ ይጽፍ ነበር። ኢቲሞንላይን ይህን ይነግራችሁና ማስረጃ የሌለው ግምት መሆኑን እዚያው ያስቀምጣል። ፕሬዚዳንት ስላመነበት ብቻ አላለፈውም። እምነት የሚጣልበት መዝገብ እንዲህ ነው።

ጉድለቱ፦ ዓመቱን ይሰጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉን ራሱን አያስነብብም። ኦኬ በቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ጋዜጣ ማርች 23፣ 1839 መውጣቱን፣ ይህንንም በ1960ዎቹ አሮጌ ጋዜጦችን አገላብጦ ያረጋገጠው አለን ዎከር ሪድ የሚባል ምሁር መሆኑን ለማወቅ ሌላ ቦታ መሄድ ያስፈልጋል። ለስላንግ (ለአራዳ ቋንቋ) ጥቅስ በዓመት ተደርድሮ ማየት የሚፈልግ የጆናተን ግሪንን የስላንግ መዝገበ ቃላት ይክፈት። በ2010 በሦስት ትልልቅ ቅጽ የታተመ ሲሆን አሁን ኦንላይን አለ። ከበድ ይላል፣ ግን ማስረጃው እዚያ ነው።

ኧርባን ዲክሽነሪ ደግሞ ማንም የሚጽፍበት ስለሆነ ሰዎች ዛሬ አንድን ቃል በምን ስሜት እንደሚጠቀሙበት ለመረዳት ጥሩ ነው። ስለ አመጣጥ የሚለውን ግን ሌላ ቦታ ሳታጣሩ አትቀበሉ።

ለጀማሪ ኢቲሞንላይን ይበቃል። አጭር ነው፣ ግልጽ ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ትናንት በኢንተርኔት ለተወለደ ቃል ግን ብዙ አትጠብቁበት።