የ8 ወር የማጫወቻ ልምዴ፦ በሱቅ የሰማሁት ልዩነት የፍላክ አልነበረም

ይህን የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ የገዛሁት በ5 ደቂቃ ሙከራ ነው። ሻጩ አንድ ዘፈን መጀመሪያ በኤምፒ3፣ ቀጥሎ ከዋናው ቅጂ ምንም በማይጥለው በፍላክ አሰማኝ። ሁለተኛው ሲጀምር ድምፃዊዋ ፊቴ የቆመች መሰለኝ። «የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ» አለኝ፤ አምኜ ከፈልኩ።

8 ወር በየቀኑ ተጠቀምኩበት። ባትሪውም ቁልፎቹም ደህና ናቸው። ያበሳጨኝ ባለፈው ወር የደረስኩበት ነገር ነው። አልበሙን ገዝቼ ሳጣራ፣ በፍላክ የሰማሁት እንደገና ማስተር የተደረገ፣ ማለትም የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያው እንደ አዲስ የተሠራለት እትም ኖሯል፤ ኤምፒ3ው ግን ከቀድሞው እትም የተወሰደ ነበር። አዲሱ እትም ድምፁ ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለ ድምፅ ደግሞ ልዩነቱ ጥቂት ቢሆንም እንኳ ለጆሮ የተሻለ ይመስላል።

ከዚያው ከፍላኩ ራሴ የ320 ኪሎቢት (በሰከንድ የሚይዘው የመረጃ መጠን ነው) ኤምፒ3 ሠራሁ። ማጫወቻውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ፣ የትኛው እንደሚጫወት በሚደብቅ ፕሮግራም 16 ጊዜ ሞከርኩ። በአጋጣሚ አይደለም ለማለት ቢያንስ 12 ጊዜ በትክክል መለየት ነበረብኝ። 9 አገኘሁ። በማግስቱ 7።

ጆሮህ አልሠለጠነም ትለኝ ይሆናል፣ ሻጩ ወንድሜ። ይኸው ጆሮ በ128 ኪሎቢት የተሠራውን 16ቱንም ጊዜ ለይቶታል። በዘፈኑ ማብቂያ ጭብጨባ አለ። በፍላኩ እያንዳንዱ መዳፍ ለብቻው ይሰማል፤ በ128ቱ ግን ጭብጨባው ተደባልቆ እንደ ወራጅ ውሃ ይንሿሿል። ኤምፒ3 ፋይሉን የሚያሳንሰው በጎላ ድምፅ የሚሸፈነውን ደካማ ድምፅ እየቀነሰ ነው፤ 128 ላይ ቦታው ስለሚጠበው ጆሮ የሚሰማውንም ይቆርጣል። 320 ላይ ይበቃዋል።

ከሁሉ የከፋው አብረህ የሸጥህልኝ ገመድ አልባ ማዳመጫ ነው። የሚሠራው ኤስቢሲ በሚባለው የብሉቱዝ ድምፅ መጨመቂያ ዘዴ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት የሆነውን የሲዲ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ወደ 328 ገደማ ጨምቆ ይልካል። ሙዚቃው ሳይጓደል ይደርስሃል ያልከኝ አንተ፣ መንገድ ላይ የሚያጓድለውን ዕቃ መልሰህ ሸጥህልኝ!

ፍላኮቼን አልጥላቸውም፤ ዋናው ሳይጎድል በፈለግሁ ጊዜ ከእነሱ ሌላ ዓይነት ፋይል ልሠራ ስለምችል በሃርድ ዲስክ ይቀመጣሉ። ለማጫወቻው ያወጣሁት ገንዘብ ግን ያንገበግበኛል። ጥሩ ባለገመድ ማዳመጫ ይገዛልኝ ነበር፤ በአንዱ ማዳመጫና በሌላው መካከል ያለውን ልዩነት ዓይኔን ጨፍኜም እለየዋለሁ።