ክሪዮን 25000፦ ከእህሉ ጋር ካልተዋጠ ብሩ ባከነ

እየበላ የሚከሳ፣ ሰገራው ቅባታማ ሆኖ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍና ሽታው የሚከብድ ሰው ቆሽቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ በምርመራ ከተረጋገጠ፣ ቆሽት ያጎደለውን የምግብ መፍጫ ኢንዛይም የሚተካው ክሪዮን ጥሩ መድኃኒት ነው። ችግር የሚመጣው አወሳሰዱ ላይ ነው።

አንዱ ካፕሱል 25,000 ዩኒት ሊፔዝ (ቅባት የሚፈጭ)፣ 18,000 አሚሌዝ (ስታርች የሚፈጭ) እና 1,000 ፕሮቴዝ (ፕሮቲን የሚፈጭ) ይዟል። ሲከፈት የሚታየው ዱቄት ሳይሆን ከ2 ሚሊሜትር ያነሱ ቡናማ ፍሬዎች ናቸው። ሊፔዝን የጨጓራ አሲድ ስለሚያበላሸው ፍሬዎቹ ተለብጠዋል፤ ልባሱ የሚሟሟው አንጀት ውስጥ ፒኤች (አሲዱ ሲቀንስ ከፍ የሚል የአሲድነት መለኪያ) 5.5 ገደማ ሲደርስ ነው። የዚህ ምርት ትልቁ ብልጫ ይህ ነው። ለሆድ መነፋት ተብለው የሚሸጡ ርካሽ የኢንዛይም እንክብሎች ምትኩ አይሆኑም፤ ከመግዛትዎ በፊት የሊፔዙን ዩኒት ያንብቡ።

ጤነኛ ሰው ቅቤ የገባበት ቅንጬ ሲበላ፣ ቅባቱና ፕሮቲኑ ወደ ትንሹ አንጀት መግቢያ ሲወርድ ኮሌሲስቶካይኒን የተባለ ሆርሞን ይለቀቃል። ይህ ሆርሞን በደምና በነርቭ በኩል ቆሽት ኢንዛይም እንዲያፈስ ያዛል፤ የሐሞት ከረጢትንም ያስጨምቃል። አብሮ የወረደው አሲድ ደግሞ ሴክረቲንን ያስለቅቃል፤ ይህም ሆርሞን ነው፤ ተመራማሪዎቹ ቤይሊስና ስታርሊንግ በ1902 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ያገኙት ነው። ሴክረቲን ከቆሽት ቢካርቦኔት አስፈስሶ አሲዱን ያበርደዋል። ለዓመታት በአረቄ የተጎዳ ቆሽት ግን ትእዛዙ ቢደርሰውም የሚሰጠው የለውም። ካፕሱሉም ሆርሞን አይሰማም፤ ሰዓቱን መጠበቅ የበሽተኛው ፋንታ ነው።

ስለዚህ ለአዋቂ የተለመደው መጠን ለዋና ምግብ 2 ካፕሱል ነው፦ አንዱ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር፣ ሁለተኛው መሃል ላይ። ለመክሰስ 1 ይበቃል። ምግብ ሳይቀርብ የተዋጠ ካፕሱል ፍሬው ቀድሞ ያልፍና ቅባቱ ሳይፈጭ ይቀራል። ማኘክም ልባሱን ይሰብራል፣ አፍም ያቆስላል። መዋጥ ያቃተው ካፕሱሉን ከፍቶ ፍሬዎቹን በብርቱካን ጭማቂ ወዲያው ይዋጥ፤ ወተት ግን አሲዱ አነስተኛ ስለሆነ ልባሱን ቀድሞ ያሟሟዋል። በጾምም ሽሮው ዘይት አለውና ካፕሱሉ አይቀርም፤ እህል እስኪቀመስ ድረስ ግን አይዋጥም። የቀን ጣሪያው በኪሎ ክብደት 10,000 ዩኒት ሊፔዝ ነው።

በትክክል ተወስዶም ካልሠራ፣ አንዱ ምክንያት የቢካርቦኔት ማነስ ነው፦ አንጀቱ አሲድ እንደሆነ ይቆይና ልባሱ ዘግይቶ ይሟሟል። ሐኪም የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የሚጨምረው ለዚህ ነው። የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ የሆነው ጃርዲያም ተመሳሳይ ቅባታማ ተቅማጥ ስለሚያመጣ የሰገራ ምርመራ አይዘለል።

መድኃኒቱ የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት ነው። ይህን ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ሳይነግሩ መሸጥ ትክክል አይደለም፤ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼሁ ጋር መክሮ የሚወስነው በሽተኛው ነው።

አቀማመጡ ከ25 ዲግሪ በታች ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቁምሳጥን ይበቃል። ሸዋ ሮቢት ግን ሙቀቱ ኢንዛይሙን ስለሚያደክመው፣ ዕቃውን በደንብ ከድኖ በቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ፣ ከቆርቆሮው ርቆ ማኖር ያስፈልጋል።