ለደሴ ቤት የሚስማማ አየር መጣጭ የምግብ ማሸጊያ ማሽን

ከላስቲክ ውስጥ አየር መጥጦ ምግብ የሚያሽገው ማሽን ወደ ደሴ ቤቶች የሚገባው በአብዛኛው ከዓረብ አገር በሚመለስ ዘመድ እጅ ወይም ከአዲስ አበባ ተገዝቶ ነው። በሁለቱም መንገድ ቢመጣ ባለቤቱ ዕቃውን በራሱ ወጥ ቤት ሳይሞክር ስለሚረከበው፣ ለሚገዛለት ሰው ምን ብሎ እንደሚያዝ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እኔ በቤቴ የምጠቀምበት የላስቲኩን አፍ ብቻ ነክሶ አየሩን የሚስበውን አነስተኛ ዓይነት ሲሆን፣ ላስቲኩን በሙሉ ሆዱ ውስጥ አስገብቶ የሚያሽገውን ትልቁን ዓይነት ደግሞ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ሥጋ ቤት ሲሠራ በቅርብ ተመልክቻለሁ። ለደሴ ነዋሪ ምርጫው ከሌላው ቦታ የሚለይበት ምክንያት ስላለ አስተያየቴን በዝርዝር አቀርባለሁ።

ሻጮች ከሁሉ አስቀድመው የሚያሳዩት በካርቶኑ ላይ የታተመውን የመምጠጥ አቅም ነው፤ 80 ኪሎፓስካል የሚል ጽሑፍም የተለመደ ነው። ኪሎፓስካል የግፊት መለኪያ ሲሆን፣ ቁጥሩ ማሽኑ ከአካባቢው የአየር ግፊት ላይ ምን ያህል እንደሚቀንስ ይናገራል። ይህ ቁጥር ትርጉም የሚኖረው የአየር ግፊቱ 101 ኪሎፓስካል ገደማ በሆነበት በባሕር ጠለል አካባቢ ነው። ደሴ ግን በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ጠቅላላው የአየር ግፊት 75 ኪሎፓስካል አካባቢ ብቻ ነው፤ ከ75 ላይ ደግሞ 80 መቀነስ አይቻልም። ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ባለችው ኮምቦልቻም ቢሆን ግፊቱ ከ81 ብዙ አያልፍም። ደሴ ላይ ባቄላ ለመብሰል ከኮምቦልቻው ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈልገውም በዚሁ የግፊት ማነስ የተነሳ ነው። ይህ ሲባል ማሽኑ ደሴ ላይ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ምግብን የሚያበላሸው ኦክስጅን እዚህም በሚገባ ተመጥጦ ይወጣል። ነገር ግን ላስቲኩን ከውጭ የሚጫነው አየር ቀላል ስለሆነ እሽጉ ቆላ ላይ እንደሚታየው አጥብቆ አይጨመደድም፤ ገዥው ይህን አይቶ ዕቃው ደካማ ነው ብሎ ሊደመድም አይገባም።

ትክክለኛው ችግር ያለው በአውቶማቲኮቹ ላይ ነው። እነዚህ ማሽኖች በውስጥና በውጭ ያለው የግፊት ልዩነት አስቀድሞ የተወሰነላቸው መጠን ላይ መድረሱን ሲያውቁ ሞተሩን አቁመው የማተሚያውን ሽቦ ያግላሉ፤ የተወሰነው መጠን የደሴ አየር ሊሰጥ ከሚችለው በላይ ከሆነ ግን ያ ቅጽበት ጨርሶ አይመጣም። በአንዲት ጎረቤቴ ቤት ያየሁት ማሽን ላስቲኩን ከሥጋው ጋር አጣብቆ ከጨረሰ በኋላም ሞተሩ መጮኹን አያቆምም፣ ወደ ማተሙም አይሻገርም ነበር፤ ተስፋ ቆርጣ ክዳኑን ስታነሣው ደግሞ የወጣው አየር መልሶ ይገባል። ተበላሽቷል ብላ ያስቀመጠችው ይኸው ማሽን ኮምቦልቻ በሚገኘው የእኅቷ ቤት ያለ ምንም ጥገና ሠርቷል። ስለዚህ እኔ የመጀመሪያ መስፈርት የማደርገው በፈለጉት ጊዜ ተጭነው ማሸግ የሚያስችል የእጅ ቁልፍ መኖሩን ነው። ይህ ቁልፍ ያለው ርካሽ ማሽን ቁልፉ ከሌለው ውድ ማሽን ይልቅ ለደሴ የተሻለ ነው ብዬ በሙሉ እምነት እናገራለሁ፤ ሰው ላስቲኩ መጣበቁን በዓይኑ አይቶ፣ የሞተሩም ድምፅ መለወጡን ሰምቶ ቁልፉን ይጫናል፣ ሥራውም ያልቃል።

ቀጥሎ የሚታየው የማተሚያው ሽቦ ነው። ሰፊ መስመር የሚያትም ወይም ሁለት መስመር ጎን ለጎን የሚያትም ማሽን፣ ስስ መስመር ብቻ ከሚያትመው ይልቅ ቅባትና እርጥበት ባለበት ምግብ ላይ አስተማማኝ ነው። ላስቲኩን በተመለከተ ደግሞ ፌስታል ወይም ልሙጥ ላስቲክ ለዚህ ዓይነቱ ማሽን አይሆንም፤ ሁለቱ ገጾች ገና ሲሳቡ ተጣብቀው ለአየሩ መውጫ ስለማይተዉለት አንዱ ገጹ ጭረት ያለበት፣ ናይለንና ፖሊኤትሊን ተደራርበው የተሠራ ልዩ ላስቲክ ያስፈልጋል። ማሽኑ አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ላስቲኩ ግን ሁልጊዜ ያልቃል፤ ስለዚህ ገንዘብ የሚተርፈው ሰው ማሽኑን ከማሳደግ ይልቅ ባለ 20 እና ባለ 28 ሳንቲሜትር ጥቅልሎችን አብዝቶ ቢያዝ ይሻለዋል።

ማሽኑ ዋጋውን የሚመልሰው ከሁሉ በላይ በሥጋ ላይ ነው። በአረፋም ሆነ በፋሲካ ሥጋ በአንድ ቀን በብዛት ወደ ቤት ስለሚገባ ለጎረቤት ተከፋፍሎም ይተርፋል። በፌስታል ተጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ የከረመ ሥጋ ዳር ዳሩ ነጥቶ ይደርቃል፣ ጣዕሙም ይለወጣል፤ በአግባቡ የታሸገው ግን ከወራት በኋላም መልኩን እንደጠበቀ ይወጣል። ለአንድ ወጥ በሚበቃ መጠን ቆራርጦ፣ ላዩ ጠንከር እስኪል ድረስ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አቆይቶ ማሸግ ይገባል፤ አለበለዚያ ደሙ ከአየሩ ጋር ተስቦ ማተሚያው መስመር ላይ ይደርስና እሽጉን ያበላሸዋል። የጎድን አጥንት ጫፍ ላስቲክ ስለሚበሳ በታጠፈ ወፍራም ላስቲክ መሸፈን አለበት።

በርበሬ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞተሩ መሳብ ሲጀምር ቀዩ ዱቄት እንደ ጭስ ተነሥቶ ወደ ላስቲኩ አፍ ይወጣል፤ ከዚያ ላይ በዓይን የማትለይ ስስ ቀይ ጭረት ማተሚያው መስመር ላይ ከቀረች እሽጉ ለጊዜው የያዘ ይመስልና በማግሥቱ ልቅ ሆኖ ይገኛል። መፍትሔው በርበሬውን በወረቀት ከረጢት አድርጎ ማስገባት ወይም ከላዩ ላይ የታጠፈ ሶፍት ማኖር፣ አራት ጣት ያህል ባዶ ቦታ መተው፣ የላስቲኩንም አፍ ከውስጥ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው። እንዲህ የታሸገና ከብርሃን የራቀ በርበሬ ቀለሙም ሽታውም በእጅጉ ይቆያል። ለሽሮም ያው ነው። ምስርና አተር ደግሞ ኦክስጅን ሲያጡ ነቀዙ ስለሚሞት በጣም ይጠቅማቸዋል። ቡና በጥሬው ይታሸግ፤ አዲስ የተቆላው ጋዝ እየለቀቀ ላስቲኩን ስለሚነፋው ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። እንጀራን ግን አልመክርም፤ ዓይኑ ይደፈጠጣል፣ እርስ በርሱም ይጣበቃል። ድርቆሽ የተሻለ ይሆናል፣ ሹል ጫፉ ላስቲኩን እንዳይበሳው ብቻ ቀስ ተብሎ ይሳብ።

አሁን የምጽፈውን ማንም ሰው እንዳያልፈው እለምናለሁ። አየር ማውጣት ማቀዝቀዝን አይተካም። ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ተህዋሲ የሚራባው አየር በሌለበት ስለሆነ፣ እርጥበት ያለው ምግብ ታሽጎ ከፍሪጅ ውጭ ቢቀመጥ ከክፍቱ ምግብ የበለጠ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ሽታውም ሆነ መልኩ ሳይለወጥ ሰው ሊገድል ይችላል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ድልህ፣ የተቀቀለ ድንች፣ የበሰለ ወጥና ዓሣ ታሽገው መደርደሪያ ላይ ፈጽሞ መቀመጥ የለባቸውም፤ ቦታቸው ከ4 ዲግሪ በታች የሆነ ፍሪጅ ወይም 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሆነ ፍሪዘር ነው። መብራት ሲጠፋም የታሸገ ነው ተብሎ መዘናጋት አይገባም። የሞላ ፍሪዘር ክዳኑ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል፣ በግማሽ የሞላ ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ቀልጦ ከ4 ዲግሪ በላይ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋ ግን እሽጉ ምንም ያህል ቢያምር ይጣላል።

በኮምቦልቻው ሥጋ ቤት ያየሁት ትልቁ ዓይነት አየሩን ከላስቲኩ ውስጥም ከዙሪያውም እኩል ስለሚያወጣ መረቁ አይሳብም፤ ርካሹን ልሙጥ ላስቲክም ይቀበላል። ይሁን እንጂ ክብደቱ፣ የሚይዘው ቦታና ዋጋው ለአንድ ቤተሰብ የሚመጥኑ አይደሉም። ቋንጣና በርበሬ እያሸገ ለሚሸጥ ሰው ግን ከትንሹ ጋር ከመታገል ይልቅ ይህን ቢገዛ እመርጣለሁ። ቤት ውስጥ ወጥ ማሸግ የሚፈልግ ሰው በሳህን አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ ካጠጠረው በኋላ እንደ ድንጋይ የሆነውን ወጥ በትንሹ ማሽን ሊያሽገው ይችላል።

ከማዘዝ በፊት በማሽኑ ሆድ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በፎቶ አስልኮ ማየት ይጠቅማል። የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለሆነ ከአሜሪካ የሚመጣው ባለ 120 ቮልት ማሽን ሶኬት ላይ እንደተሰካ ይቃጠላል፤ ከዱባይ የሚመጣው በቮልቱ ይስማማል፣ ነገር ግን ሦስቱ አራት ማዕዘን እግሮቹ ከእኛ ሶኬት ስለማይገጥሙ መቀየሪያ ያስፈልገዋል። አየሩን የሚዘጋው በክዳኑ ዙሪያ ያለው ጎማ ቀድሞ የሚያረጅ ክፍል በመሆኑ አንድ ትርፍ ጎማ አብሮ ይታዘዝ። ማሽኑ በማይሠራበት ጊዜ ክዳኑ ሳይቆለፍ ይቀመጥ፤ ተቆልፎ የከረመ ጎማ ተጨፍልቆ ስለሚቀር አየር ያሳልፋል።