ከፋሲል እስከ ቴዎድሮስ፦ የግማሽ ቀን አስጎብኚ በጎንደር

ግንበኛ ነኝ። ልጄ በስልክ የተዋዋለችው አስጎብኚ በፋሲል ግቢ በር ላይ ተቀብሎን «ጋሼ፣ ዛሬ ነገሥታቱን እያወዳደርኩ ነው የማስጎበኛችሁ» ሲለኝ፣ እኔ ግን ዓይኔ ቀድሞ የኖራውን መጋጠሚያ ያይ ነበር።

ወጣቱ ሥራውን ያውቃል። አፄ ፋሲል በ1624 ዓ.ም. ሲነግሡ በሃይማኖት ጠብ የደማ አገር እንደተረከቡ፣ ኢየሱሳውያኑን እንዳስወጡ፣ ድንኳን ሲተክልና ሲነቅል የኖረውን ቤተ መንግሥት ጎንደር ላይ እንዳሳረፉ ግንቡ ሥር አቁሞ ነገረን። ጣሪያው የፈረሰው የታላቁ ኢያሱ ግንብ ጋ ስንደርስ «በአስተዳደር እኚህ ይበልጣሉ» አለ፤ ቀረጥና ንግድን ማስተካከላቸውን አነሣ። አልተስማማሁም። ዙፋኑ ከፋሲል ወደ ልጃቸው ዮሐንስ ያለ ጦርነት አልፏል፤ ኢያሱን ግን የገዛ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ዙፋናቸውን ወስዶባቸው በ1699 ዓ.ም. ጣና ላይ ተገደሉ። ተተኪውን ያላዘጋጀ ንጉሥ ማገር የሌለው ቤት ነው አልኩት። ሳቀ፤ ጣሪያውን ግን እንግሊዞች በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ሲወጉ በቦምብ እንደመቱት አስታወሰኝ። ልክ ነው፣ ያ የኢያሱ ጥፋት አይደለም።

ሙሉ ነጥብ የሰጠሁት ፒያሳ ላይ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ሐውልት ሥር ነው። ልጄ «የእሳቸው ግንብ የታለ?» ብላ ጠየቀች። ሌላው ቢሆን ስለ ጀግንነታቸው ብቻ አውርቶ ያልፍ ነበር። እሱ ግን ከተማዋን እንደዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናቷንም እንዳቃጠሉ እዚያው ሐውልቱ ሥር ቆሞ ተናገረ። ቀጥሎ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ስለተሠራው፣ ሰባ ኩንታል ገደማ ስለሚመዝነው ሴባስቶፖል ስለተባለው መድፍና እሱን ወደ መቅደላ ለመጎተት ስለተጠረገው መንገድ አወራን። ድንጋይ ሽቅብ ያስጎተተ ሰው የዚያን ጉዞ ዋጋ ያውቃል። አንድ አገር አደርጋለሁ ብለው መንገድ የጠረጉ ንጉሥ፣ ጎንደርን ምን አድርገው እንደሄዱ ሳስብ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አቃተኝ፤ አሁንም አልቻልኩም።

ጉድለቱ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ባለባት ቁስቋም ላይ ነው። በውላችን ውስጥ ነበረች፤ «ሊዘጋ ነው» ብሎ ዘለላት። ከሠላሳ ዓመት በላይ በልጃቸውና በልጅ ልጃቸው ዙፋን አጠገብ የቆዩት እቴጌ ምንትዋብ በሁለት ዓረፍተ ነገር ታለፉ። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. ተገድሎ ዘመነ መሳፍንት መግባቱን ሳይናገሩ የጎንደርን ነገሥታት ማወዳደር ምን ይሉታል? በማግስቱ በባጃጅ ራሳችን ሄድን። የእቴጌይቱን የፈረሰ ግንብ ዙሪያውን እየዳበስኩ ቆየሁ፤ በድንጋዩ ላይ የተቀረጹት መስቀሎች የእጅ ሥራ ከፋሲሉ ይልቅ ልቤን ወስዶታል።

ሒሳቡን ምንም ሳልቀንስ ከፈልኩት። ልጄ እስካሁን ትወቅሰኛለች።