ዝናብ የሚያሳምመው አንቴናዬ፦ ጋማ ማቹን ካደስኩ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚታመም አንቴና ነበረኝ። ሰማዩ ጥርት ሲል የኤስ ደብሊው አር ቆጣሪው (ከላክነው ኃይል ምን ያህሉ ከአንቴናው እንደሚመለስ የሚጠቁመው፤ 1 ሲል ምንም አይመለስም) 1.6 ያሳያል። ካፊያ ሲጀምር 1.8 ይሆናል። ዶፍ ሲወርድ 2.3 ይደርሳል። በማግስቱ ፀሐይ ሲወጣ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ይመለሳል። መጀመሪያ ሰሞን «አሮጌ ነው፣ ምን ይደረግ» ብዬ ተውኩት። ሁለተኛ እጅ የገዛሁት ስለሆነ ብዙም አልጠበቅኩበትም ነበር።

አንቴናው ለሲቢ ራዲዮ፣ ማለትም ተራ ሰዎች ለሚነጋገሩበት ራዲዮ የተሠራ ባለ ሦስት ዘንግ ቢም (ወደ አንድ አቅጣጫ የሚልክ አንቴና) ነው፤ ያጊ የሚባለው ዓይነት። በ27 ሜጋኸርዝ አንድ ሞገድ 11 ሜትር ያህል ይረዝማል። ስለዚህ መሀል ያለው ዋናው ዘንግ የዚያ ግማሽ ነው፣ 5.3 ሜትር ገደማ። ከኋላው ትንሽ የሚረዝም፣ ሞገዱን ወደፊት የሚመልስ ሪፍሌክተር፣ ከፊቱ ትንሽ የሚያጥር፣ ሞገዱን ወደፊት የሚመራ ዳይሬክተር አለ። ጣሪያ ላይ ሲቆም የትልቅ ዓሣ አጽም ይመስላል። አልሙኒየሙ ወፍራም ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ነፋስ ሲገፋው ኖሮ አንድም ዘንግ አልተጣመመም። በዚህ በኩል የድሮ ሰዎች አልሰነፉም።

ችግሩ ያለው ገመዱ ከአንቴናው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ባለ ሦስት ዘንግ ቢም መሀሉ ላይ የሚያሳየው ኢምፒዳንስ (ለሞገዱ የሚያሳየው ተቃውሞ) ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኦም ነው። ራዲዮውን ከአንቴናው የሚያገናኘው የኛ ኮአክስ ገመድ ደግሞ 50 ኦም ነው። ሁለቱን የሚያስማማ ሽማግሌ ያስፈልጋል። በኔ አንቴና ላይ ሽማግሌው ጋማ ማች ነው። ከዋናው ዘንግ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ አንድ ሜትር የማይሞላ ቀጭን ዘንግ ነው። አንዱ ጫፉ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቱቦ ውስጥ ይገባል። ቱቦውና ዘንጉ አንድ ላይ ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚያጠራቅም ነገር) ይሆናሉ። በሌላው ጫፍ ጋማውን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያስር ተንሸራታች ቁራጭ ብረት አለ። ማስተካከያው እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

አንድ ቅዳሜ አወረድኩት። ቱቦውን ፈትቼ ወደ ታች ስዘቀዝቀው ቡና የመሰለ ውሃ እጄ ላይ ፈሰሰ። ከውሃው ጋር የሸረሪት ድር ወጣ። ፕላስቲኩ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፣ በጥፍር ስነካው ይረግፋል። ዘንጉ ላይ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል። የአልሙኒየም ዝገት ነው። የኮኔክተሩ ናስ ከአልሙኒየሙ ጋር የሚነካካበት ቦታማ አረንጓዴ ሆኗል።

የዝናቡ ምስጢር ያኔ ገባኝ። ካፓሲተር መሀሉ ባለው ነገር ይወሰናል። ያ ነገር የካፓሲተሩን አቅም ስንት እጥፍ እንደሚያደርገው የሚነግረን ዳይኤሌክትሪክ ቁጥር ነው። የአየር 1 ነው፣ የፖሊኢታይሊን ፕላስቲክ 2.3 አካባቢ። የውሃ ግን 80 ይጠጋል። በስንጥቁ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ሲገባ ካፓሲተሩ ሌላ ካፓሲተር ይሆናል ማለት ነው። ሲደርቅ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል።

ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተግኩት። የተሰነጠቀውን ፕላስቲክ ጥዬ በቴፍሎን ቱቦ ተካሁት። ብሎኖቹንና ዳዶዎቹን በማይዝግ ብረት ቀየርኩ። አልሙኒየም ከአልሙኒየም በሚነካካበት ሁሉ ኦክሳይድ የሚከላከለውን ቅባት ቀባሁ። ከቱቦው በታች ትንሽ ቀዳዳ በሳሁ፣ ውሃ ቢገባም መውጫ እንዲያገኝ። የላይኛውን ጫፍ በክዳን ደፈንኩ። ስለ ሲልከን አንድ ነገር ልበል፦ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ኮኔክተር አጠገብ አታድርሱት። ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ መዳቡን ይበላዋል። እኔ ከራሱ ጋር የሚጣበቀውን የጎማ ቴፕ ጠቀለልኩ።

ማስተካከሉ ግን ግማሽ ቀን በላ። አንቴናውን ሪፍሌክተሩ ወደ መሬት፣ ዳይሬክተሩ ወደ ሰማይ እንዲሆን አድርጌ አጭር እንጨት ላይ አቆምኩት። እንዲህ ሲሆን መሬቱ ብዙም አይረብሸውም። የአንቴና መለኪያ መሣሪያዬን እዚያው በአጭር ገመድ ሰካሁ። ተንሸራታቹ ብረት አንድ ሳንቲሜትር ሲሄድ ኦሙ ይቀየራል። ኦሙ ሲስተካከል ካፓሲተሩ ይዛባል። ካፓሲተሩን ስታስተካክል ኦሙ ትንሽ ይሸሻል። አንዱን ሲይዙት ሌላው የሚያመልጥ ነገር ነው። በትንሽ በትንሹ፣ ተራ በተራ ካልሆነ አይሆንም። አዲሱ ፕላስቲክ ከድሮው ስለሚወፍር ዘንጉ ወደ ቱቦው 3 ሳንቲሜትር ያህል ተጨማሪ መግባት ነበረበት። ልኩን ሳገኝ በሚስማር ጫፍ ጭሬ ምልክት አደረግኩ።

አሁን ወደ ትልቁ ጉድ ልምጣ። ጋማውን ከመንካቴ በፊት በዚያው መሣሪያ አንቴናው ሥር ለክቼ ነበር። 2.6! በደረቅ ቀን! ቤት ውስጥ ያለው ቆጣሪ ግን 1.6 ነበር የሚለኝ። ማን ነው የሚዋሸው? ገመዱ ነበር። የገመዱን ወዲያኛውን ጫፍ ክፍት ትቼ ከቤት በኩል ለካሁ። ጫፉ ክፍት የሆነ ጥሩ ገመድ ሲለካ ቁጥሩ በጣም ከፍ ይላል። የኔ 3 ላይ ቆመ። ሲሰላ ገመዱ 3 ዴሲቤል (ዴሲቤል የኃይል መጨመርና መቀነስ መለኪያ ነው) ይበላል ማለት ነው፣ ማለትም ከላኩት ኃይል ግማሹን። ከ4 ዋት ላይ ሁለቱ ዋት ገመዱን ሲያሞቅ ነበር። የሚመለሰውም ኃይል በመንገዱ ላይ ይበላልና ቆጣሪዬ «ጥሩ ነው» ይለኛል። ቆርጬ ሳየው የውስጡ የመዳብ ጉንጉን ጠቁሯል። ውሃው በኮኔክተሩ በኩል ገብቶ ሜትሮችን ተጉዟል።

ስለዚህ ያደስኩትን ጋማ ባዲስ ገመድ ሰቀልኩት። እዚህ ላይ የምወቅሰው ራሴን ነው። ዓመቱን ሙሉ ቁጥሩ ዝቅ ስላለ ብቻ ተረጋግቼ ነበር። በአንቴናው ፈንታ ኃይሉን ሁሉ ወደ ሙቀት ብቻ የሚለውጥ የሙከራ ጭነት ብትሰኩበትም እኮ ቆጣሪው 1 ይላችኋል፣ አንድ ቃል ግን ሩቅ አይሄድም።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ወር ሆኗል። ቻናል 1 ላይ 1.4፣ ቻናል 20 ላይ 1.1፣ ቻናል 40 ላይ 1.5 ነው። ዶፍ ዝናብ ሲሆን 20ኛው ላይ 1.2 ይሆናል፣ አለቀ። ከመታደሱ በፊት የላይኞቹ ቻናሎች የባሱ ነበሩ። ለዚህ አንድ ጥርጣሬ አለኝ። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1976 መጨረሻ ድረስ የሲቢ ቻናሎች 23 ብቻ ነበሩ፣ ከ26.965 እስከ 27.255 ሜጋኸርዝ። 40 የሆኑትና እስከ 27.405 የደረሱት ከጥር 1977 ጀምሮ ነው። የኔ አንቴና በ23ቱ ዘመን የተለካ ይመስለኛል። ዋናውን ዘንግ ከሁለቱም ጫፍ ጥቂት ሳሳጥረው ነው መሀሉ ወደ 27.2 የመጣው።

ድምፄ ጨመረ ወይ? እውነቱን ለመናገር ከጋማው ብዙ አልተገኘም። ኤስ ደብሊው አር 2.6 ሲሆን የሚመለሰው ኃይል 20 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ከ1 ዴሲቤል በታች ነው፣ ጆሮ አይለየውም። ገመዱ ያመጣው 3 ዴሲቤልም ቢሆን በኤስ ሜትር (የሚደርሰውን ምልክት ጥንካሬ በሚያሳየው ቆጣሪ) ግማሽ ነጥብ ነው። የሚያወሩኝ ሰዎች ልዩነቱን ልብ ያሉት ስጠይቃቸው ነው፣ ያውም በይሉኝታ ይመስለኛል። በኔ በኩል ያለው ለውጥ ግን ይሰማል። ዝናብ ሲመጣ ራዲዮውን የማጥፋት ጣጣ ቀርቷል።

ሌላው ያልጠበቅኩት ጥቅም የመጣው ገመዱን ከመጠቅለሌ ነው። ጋማ ማች አንቴናውን ካንድ ወገን ብቻ ስለሚመግብ ትርፍ ሞገድ በገመዱ ውጫዊ ገጽ ተመልሶ ወደ ቤት ይወርዳል። በሚቀበልበት ጊዜም የቤቱን ጫጫታ ይዞ ይወጣል። አዲሱን ገመድ ስሰካ ከአንቴናው ሥር ሰባት ዙር ጠቅልዬ አሰርኩት። ስልክ ቻርጀር ሲሰካ ይመጣ የነበረው ዝዝታ በጣም ቀነሰ። እንደኔ ፍርድ ከሁሉም ሥራ ይህ ነው ርካሹና ዋጋ ያለው።

የማልወደው? ዳዶዎቹ በነፋስ ይላላሉ። በአራተኛው ወር ተንሸራታቹ ብረት ፈቀቅ ብሎ ቁጥሩ ወደ 1.7 ወጣ። የሚስማሩ ጭረት ባይኖር ኖሮ እንደገና ግማሽ ቀን ነበር። አሁን ከሥሩ የሚቆልፍ ዳዶ አለው። ጋማውን ጥዬ ወደ ሄርፒን ማች፣ ወደ ሌላው የማስማሚያ ዓይነት፣ ልቀይር ወይ ብዬም አስቤ ነበር። በሄርፒን ውሃ የሚገባበት ቱቦ የለም፣ የታጠፈ ሽቦ ብቻ ነው። ለዚያ ግን ዋናውን ዘንግ መሀሉ ላይ ቆርጦ ዘንጎቹን ከሚሸከመው ቡም በኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር) መለየት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ዓመት ሳይጣመም የኖረ አልሙኒየም ላይ መጋዝ ለማንሳት እጄ አልሄደም።

ትናንት በመነጽር ሳየው የጎማው ቴፕ አንዱ ጠርዝ ፀሐይ ስለመታው ተገልብጧል። ከሚቀጥለው ዝናብ በፊት መሰላል ላይ መውጣቴ አይቀርም።